እናትሽን ይዤ ቤተ መንግሥት የሄድኩ ዕለት

ለምወድሽ የእህቴ ልጅ ሮስቪታ፣

ከምድር ሥር፣ ሰው ሁሉ ተዘቅዝቆ በሚሄድበት በዚያ ደሴታችሁ ሰላምታዬ ቀጥ ብሎ ይድረስሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽን ተሻለሽ? ባልሽ ግራሃም አሁንም ዓሣ አጠምዳለሁ ብሎ ባዶ ባልዲ ይዞ ይመለሳል? ትንሿ ኤዲትስ ጥርሷ በቀለ? እኔ አጎትሽ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ድሮ እንደምነዳት ትራም ይንቋቋል እንጂ ከሐዲዱ አልወጣሁም።

ስለ እናትሽ "እውነቱን ንገረኝ፣ አትቀልድ" ብለሽ ጽፈሽልኛል። እስካሁን የቀለድኩት ሌላ መላ ስላጣሁ ነው።

ከበጋው ወዲህ ሊመሽ ሲል ካፖርቷን ለብሳ በሩ ሥር ትቆምና "ፖልዲ፣ ወደ ቤት እንሂድ" ትለኛለች። "ሄርሚ፣ ቤትሽ እኮ ነው፤ ያቻት ድመትሽ" ስላት "ድመቷም እንግዳ ናት" አለችኝ። ቤት የምትለው ሾንብሩን ቤተ መንግሥትን መሆኑ የገባኝ ቆይቶ ነው። እንደምታውቂው አባታችን የቤተ መንግሥቱ አትክልተኛ ስለነበር ያደግነው እዚያው፣ ላይኛው ፎቅ ላይ በተከራየናት ቤት ነው። ዛሬ ሌላ ቤተሰብ ይኖርባታል። እኔም ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ፣ አዳራሾቹን ላሳያት፣ ከዚያ ኬክ ስጋብዛት ይወጣላታል አልኩ።

እሑድ ሄድን። ደረጃውን እንደ ልጃገረድ ወጣችው። ታላቁ አዳራሽ ስንገባ ግን ቀጥ አለች። ወለሉን አየች፣ የጎብኚዎቹን እግር አየች። ጎንበስ ብላ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳ ሥር አስቀመጠችና "ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው? እናቴ አሁን ገና ወልውላው! ጫማ በር ላይ!" ብላ ጮኸች። ሳቄ መጣ። ከግራዝ ከተማ የመጣ አንድ ጎብኚ ከተቆጣች የቪየና አሮጊት ጋር ክርክር እንደማያዋጣ ያውቃል መሰለኝ፣ "ይቅርታ እመቤቴ" ብሎ አወለቀ። ሚስቱም አወለቀች። ከኋላ የመጡት የውጭ አገር ሰዎች ደንብ መስሏቸው ተከተሉ። ግድግዳው ሥር የጫማ ሰልፍ ሆነ። ጠባቂው መጥቶ "ጌታዬ፣ እባክዎ አንድ ነገር ይበሏት" አለኝ። "ክቡር ዳይሬክተር፣ እኔም እኮ እፈራታለሁ" አልኩት። ዳይሬክተር ስላልኩት ደረቱን ነፍቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "እርስዎስ ምን ይጠብቃሉ?" አለችኝ። "ሄርሚ፣ እኔ ነኝ፤ ፖልዲ ወንድምሽ" አልኳት። ከላይ እስከ ታች አየችኝና "ወንድሜ ገና ተማሪ ቤት አልገባም። ይልቅ ያውልቁ" አለች። አወለቅሁ። ካልሲዬ ተቀድዶ አውራ ጣቴ ብቅ ብሏል። ሌላ ጊዜ ቢሆን በራሴ ላይ ስቄ እሞት ነበር።

የመዝጊያው ሰዓት ደረሰ። ሰዉ ጫማውን እያነሳ ወጣ። ጠባቂው ለመናት፣ እኔም ለመንኳት። እሷ ወለሉ መሀል ቁጭ ብላ "ከቤቴ ወዴት?" ትላለች። ሲጨንቀኝ "እማዬ ከታች እየጠራችሽ ነው" አልኳት። ብድግ ብላ ባዶ እግሯን ወረደች፤ እኔ ጫማዋን ይዤ ከኋላ። ደጁ ላይ ቆማ ግራ ቀኝ አየች። "የታለች?" አለችኝ። ተንበርክኬ ጫማዋን አሰርኩላት። እሷ ዓይኗን ከመንገዱ አልነቀለችም።

አሁን "ወደ ቤት እንሂድ" ማለቷን ትታ "እማዬ ጠራችኝ?" ትላለች። አልጠራችሽም ስላት ታለቅሳለች፤ ጠርታሻለች ስላት ካፖርቷን ትለብሳለች። ሐኪሙ ታገሥ ይለኛል። አረጋውያን ቤት እናስገባት ወይ ብለሽኛል። እዚያ ብትገባ ማታ ማታ ማንን ትጠይቃለች? እዚህ ብትቆይስ ምን እመልስላታለሁ? አላውቅም ልጄ። ቢጨንቀኝ እኮ ነው ለአንቺ የምጽፈው።

ግራሃምን ሰላም በይልኝ፤ ዓሦቹም ሰላም ብለውታል በይው። ኤዲትን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤታችን ወይዘሮ ኖቮትኒ ሰላም ብላሻለች፤ እኔ ገበያ ስወጣ እናትሽ ዘንድ የምትቀመጠው እሷ ናት። የእናትሽን ሰላምታ ከራሴ ፈጥሬ ልጽፍልሽ ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ግን አትቀልድ ብለሻል። ስለዚህ ጠየቅኋት። "ሮስቪታ የማን ልጅ ናት?" አለችኝ። ባሕር ማዶ፣ ሩቅ አገር እንዳለሽ ነገርኳት። "ምስኪን፣ እናቷ ናፍቃት ይሆናል። ሰላም ይበሉልኝ" አለች።

አጎትሽ ፖልዲ
ቪየና፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2014