የአሥራ ሁለት ደቂቃ ምሳ

ለወንድሜ ለአርቪድ፣ ካናዳ

ወንድም ዓለም፣ ከነባለቤትህ እንደምን ከርመሃል? እኔም ልጄ ስቴላንም አለን። ጽሑፌ ከተንጋደደብህ እስክሪብቶው ነው።

ያ ፎርስማን የሚሉት የማዘጋጃ ቤት ሰውዬ፣ እጅና እግሩ የማይታዘዝለትን ልጄን «ለምሳ አሥራ ሁለት ደቂቃ ይበቃዋል» ብሎ የሚያጎርሰውን ረዳት ሰዓት በግማሽ ቆረጠበት። አቤት ብል፣ ባለፈው ሐሙስ ሊያጣራ እቤት መጣ። እንደ አገራችን ወግ የሐሙስ ምሳ ነውና የአተር ሾርባና ፓንኬክ ሠርቻለሁ። ሽታው ምራቁን አስዋጠው።

«ልጋብዝህ፤ ግን እጅህን ጠረጴዛ ሥር አድርግ፣ የማጎርስህ እኔ ነኝ» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት እየሳቀ እሺ አለ።

የወጥ ቤቱን ሰዓት አሥራ ሁለት ደቂቃ ሞላሁና በማንኪያ አከታተልኩበት።

«ኧረ ይቆዩ እትዬ፣ ያቃጥላል!»

«ዋጥ አድርገው! ደቂቃህ እየሄደ ነው።»

ሾርባው በአገጩ ወርዶ ክራባቱ ላይ ሲንጠባጠብ ስቴላን በሳቅ ፈረሰ። ሰዓቱ ሲጮህ ሳህኑን ከፊቱ አነሳሁት።

«ፓንኬኩስ?» አለኝ።

«ደቂቃህ አለቀ።»

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! እውነቱን ላንተ ልንገርህና፣ ክራባቱ ላይ የደፋሁት ወድጄ አልነበረም፤ እጄ ከድቶኝ እንጂ። እሱ ግን ሆን ብላ ነው ብሏል፤ ይበል።

የቆረጠውን ሰዓት አልመለሰም። ለመጪው ሐሙስ አለቃውን ጠርቻለሁ፤ ሾርባው ከእሳት አይወርድም።

ለባለቤትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ። ስቴላን በአገጩ ስልክ መደወል ለምዷል። ያስጠናሁት ቁጥር ያንተን ብቻ ነው። ሲደውል ቶሎ አንሣለት።

እህትህ ጉንቮር