ሃምሳ ቁጥር ቅባት

እህት ዓለም፣

የባሕሩን ወሬ ስመጣ አወራሻለሁ፤ ዛሬ እንዴት እንደተሳቀብኝ ስሚ። ትናንት የእህቴ መንታዎች አፍንጫቸው እንደ ቲማቲም ቀልቶ ስለገቡ፣ እናታቸው «የፀሐይ ቅባት ካልተገኘ ባሕር የሚባል የለም!» ብላ ቆረጠች። ግዢው በእኔ ላይ ወደቀ፤ መንታዎቹ ቀሚሴን ይዘው ተከተሉኝ።

መድኃኒት ቤት ገብቼ ባይ፣ ድብ የተሣለበት የልጆች ቅባት ጠርሙሱ አውራ ጣት ያህላል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ከጎኑ ያለው ትልቁ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ላዩ ላይ 50 ተጽፎበታል።

«ይሄማ የእኔ ዕድሜ ነው፤ የአምስት ዓመት ልጅ የሚቀባውን ስጪኝ» አልኳት ሻጯን።

ባንኮኒው ላይ ተደፍታ ሳቀች። «እናቴ፣ ቁጥሩ ዕድሜ አይደለም፣ የመከላከያው ጉልበት ነው። ለልጅም እንደሚሆን ጀርባው ላይ ተጽፏል። ያኛውን ያስወደደው ድቡ ነው።»

የስኳር መጠቅለያ ሳይቀር የማነብ ሰው፣ ጀርባውን ሳላገላብጥ!

«ድቡ ይቅር?» አልኳቸው መንታዎቹን።

«ድቡ ይቅር፣ ባሕሩ አይቅር!» አሉኝ።

እኛ አገር ልጅ ቅባት ቀብተን ፀሐይ እናሞቃለን፤ እዚህ ቀብተው ከፀሐይ ይሸሽጉታል። አሁን ሁለቱም ወፍጮ ቤት የዋሉ መስለው ሞገድ ያባርራሉ።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላብኝ። እናትሽን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ፣ ልጆቹን እቀፊልኝ። አንቺም አርባ ዘጠኝ ላይ ከቆምሽ ሰነበትሽ፤ አትፍሪ፣ ሃምሳ ግቢ። ዕድሜ አይደለም፣ መከላከያ ነው።