ድሩን ብቻ አሸተትኩ

ሰኞ፣ የካቲት 2

ዛሬ ላቦራቶሪ ውስጥ አሥራ አንድ የጨርቅ ናሙና። ክር መምዘዝ፣ ማቃጠል፣ ማሽተት... ሱፍና ሐር የተቃጠለ ፀጉር ይሸታሉ፣ ጥጥ ወረቀት። ፖሊስተር ይቀልጥና ደረቅ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። ታላቅ ወንድሜ፣ ጋሼ፣ "አፍንጫ" የሚለኝ በዚህ ሥራዬ ነው። ቤት ስገባ "ዛሬስ ማንን አቃጠልሽ?" ይለኛል።

እሱ በያጅ ነው። ከአሥር ቀን ወዲህ ወርክሾፑ በያጆቹን ያለበሳቸው ቱታ የእኛ ፋብሪካ ስፌት ነው። "ንጹህ ጥጥ" ብዬ የፈረምኩት እኔ። ሲኮራብኝ!

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

የጋሼን ቱታ ኪስ ልጠግን ተቀመጥኩ። እጅጌው ላይ የብየዳ ፍንጣሪ የበሳቸው ቀዳዳዎች... ጫፋቸውን ዳሰስኩት። ጠጠር ጠጠር ይላል። ጥጥ ከመቼ ወዲህ ነው የሚጠጥረው?

ሁለት ክር መዘዝኩ። በቁመት የሚሄደው ድሩ አመድ ሆነ። አግድሙ፣ ማጉ፣ ተኮማትሮ ቀለጠ።

ያን የፈረምኩ ቀን ድሩን ብቻ ነው የመዘዝኩት። መኪና ይጠብቃል፣ ኃላፊው አናቴ ላይ ቆሟል... ምን ነክቶኝ ነው? ፖሊስተር እኮ ሲቀልጥ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ለጋሼ አልነገርኩትም። ብባረርስ? መጀመሪያ ኃላፊውን ላናግር።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ለኃላፊው ነገርኩት። በሩን ዘጋው። ፊርማው የማን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ እንደማያውቅ። የፋብሪካው ባለቤት ሰኞ እስኪመለሱ ትንፍሽ እንዳልል አስጠነቀቀኝ።

ቀኑን ሙሉ መቀመጫዬ ወንበር አልይዝ አለ። ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ። ሰኞ ሩቅ ነው...

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ጠዋት ጋሼ ያንኑ ቱታ ለብሶ ሲወጣ በር ላይ ያዝኩት። ቆሽሿል፣ ሌላ ልበስ አልኩት። በያጅ መቼ ነጽቶ ያውቃል ብሎ ሳቀብኝ። በሩን ለቀቅኩለት። ሄደ።

ከምሳ በኋላ ተደወለልኝ። ጋሼ ክንዱን ተቃጥሏል። ክሊኒክ ደርሼ፣ ነርሷ የቀለጠውን ጨርቅ ከቆዳው ላይ ስትለቅም ቆሜ አየሁ። የፈሩት ይደርሳል... ፈሪ ነኝ። ፈሪ።

ከዚያው ወደ ወርክሾፑ ሄድኩ። ለአለቃቸው ሁሉንም ዘረገፍኩለት። አርባ ሰው ቱታውን አውልቆ በካናቴራ ቆመ።

ዓርብ፣ የካቲት 6

ለጋሼም ነገርኩት።

"መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ማክሰኞ።"

በፋሻ የተጠቀለለ ክንዱን አየት አደረገው። "እኔ የተቃጠልኩት ሐሙስ ነው" አለ።

ዓርብ፣ የካቲት 13

ከላቦራቶሪ አነሱኝ። የልብስ ቁልፍ መትከያ ክፍል ነኝ። ይሁን፣ የእጄን ነው ያገኘሁት።

ጋሼ ግን ዛሬ በስሜ ጠራኝ። ጨው አቀብዪኝ ለማለት፣ በስሜ! ሌላ ሰው የተጠራ መስሎኝ ዞር አልኩ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ፣ የካቲት 22

ወርክሾፑ ከሌላ ቦታ አዲስ ቱታ አመጣላቸው። ጋሼ ገና ከነማሸጊያው ይዞት ገባ። ፋሻው ተነስቷል፤ ጠባሳው ቀላ ብሎ ይታያል። እያየሁት አየኝ። ቱታውን ጭኔ ላይ ጣለው፤ ክብሪቱንም።

"በይ አፍንጫ" አለ። "ሁለቱንም።"

አንድ ከድሩ፣ አንድ ከማጉ መዘዝኩ። ክብሪቱ አልጫር ቢለኝ እሱ ጫረልኝ። አንዱ አመድ ሆነ። ሌላውም አመድ። ወረቀት ወረቀት ሸተተኝ፤ ግን እያለቀስኩ ስለነበር አፍንጫዬን አላመንኩትም፣ እንደገና ሁለት መዘዝኩ። ጋሼም ሳይሰለች እንደገና ጫረልኝ።