ሲልቨር ስፕሪንግ የማይወስዱኝ ለምንድን ነው?

ማክሰኞ

ዛሬም ወደዚያው ወሰደችኝ። ትላንት ያየሁትን ጡብ ዛሬም አየሁት። የእህቴ የአስቴር ልጅ ቤዛ “አክስቴ፣ ኦልድ ታውን በእግር ነው የሚያምረው፣ ትረስት ሚ” እያለች ወንዙ ድረስ አስኬደችኝ። እነ አስቴር የሚኖሩባት አሌክሳንድሪያ በእንግሊዝ ጊዜ የተቆረቆረች ከተማ ናት አሉ፤ መንገዱ ሁሉ የንጉሥ፣ የንግሥት፣ የልዑል ነው። ንጉሡን አባረው ስሙን ለመንገድ አስቀሩት። አንዱ መንገድ ኮብልስቶን ስለሆነ ብቻ ፈረንጆች ፎቶ ይነሱበታል። እኛ ሰፈር ኮብልስቶን ላይ እግር ወለም ይላል እንጂ ማን ፎቶ ይነሳል?

አሮጌው ከተማ ያምራል፣ አልዋሽም። ግን ከአዲስ አበባ የመጣሁት ጡብ ለማየት አይደለም። ወንድሜን ደረጀን ለማየት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለው፣ በመኪና ሩቅ አይደለም። “መቼ ነው የምትወስዱኝ?” ስላት አስቴር “ሥራ በዝቶበታል እትዬ፣ ዊክኤንድ ላይ” ትለኛለች። ኤርፖርትም አልመጣም። ደረጀ? እኔን ሊቀበል ሳይመጣ? ነገሩ አልጣመኝም።

ረቡዕ

ደረጀ አይደውልም። ስደውልለትም አያነሳም። “ደህና ነኝ እትዬ፣ አታስቢ” የሚል ቴክስት ብቻ። ቴክስትማ ማንም ይጽፈዋል! አስቴር ራሷ ብትጽፈውስ?

አስቴር በጠዋት ድስት ታቅፋ ከቤት ወጣች። ለማን ነው ስላት “ለጓደኛ” አለች። ድስት የሚሸከሙት ለለቅሶ ቤት አይደለም እንዴ? ጥቁርም ለብሳለች። የምትሠራበት ሆቴል ዩኒፎርም ነው አለችኝ። ይሁን።

ከሰዓት ደግሞ ያው ጡብ። ቤዛ ክንዴን ብዘረጋ ግድግዳ ለግድግዳ የሚደርስ የመሰለኝን ቀጭን ቤት አሳየችኝ። ድሮ ባለቤቱ ሰው በዚያ በኩል እንዳያልፍ ብሎ የሠራው ነው አሉ። ክፋት የትም አለ። እያየሁት እያለ ስልኳ ጠራ፤ ራቅ ብላ አወራች፤ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። “አለርጂ ነው” አለችኝ። እኔ ልጅ ነኝ?

ሐሙስ

አመሻሹ ላይ የአስቴር የቸርች ሰዎች መጡ። እሷ ጴንጤ ከሆነች ቆይታለች፣ እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ፤ በዚያ አንጣላም። በሩን ዘግተው ሲጸልዩ “ደረጀን አስበው ጌታ ሆይ” ሲሉ በጆሮዬ ሰማሁ። እኛ ዘንድ “አስበው” የሚባለው ለማን እንደሆነ አውቃለሁ።

ከሄዱ በኋላ አስቴር “ቅዳሜ በማለዳ ጥቂት ሰዎች ይመጣሉ፣ አብረን ቁርስ እንበላለን” አለችኝ። ቁርስ! መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ መሆኑን ለእኔ ልታስተምረኝ ነው? ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ።

ዓርብ

እስከ ቅዳሜ መጠበቅ አልቻልኩም። ቤዛ እንደልማዷ ኪንግ ስትሪት ስትወስደኝ ጡቡ ላይ ቁጭ አልኩ።

“አክስቴ ፕሊስ፣ ሰው እያየን ነው!”

“ይየን። ሲልቨር ስፕሪንግ ካልወሰድሽኝ ከዚህ አልነሳም።”

ለመነችኝ፣ እንቢ አልኩ። መጨረሻ ላይ መኪናውን አመጣች። መንገዱን ሙሉ እያለቀሰች ነዳች፤ “ፕሮሚስ አድርጌያለሁ፣ መናገር አልችልም” ብቻ ትላለች። ከዚህ በላይ ምን ይነገረኝ? ነጠላዬን ዘቅዝቄ ለበስኩ።

የአፓርታማው በር ላይ ስደርስ ሙሾውን ለቀቅኩት። ወንድሜ፣ መመኪያዬ፣ እናታችንን ታቅፈህ ያስታመምክ፣ ሳቅህ ከሩቅ የሚሰማ፣ ማን አለኝ ከእንግዲህ! ደረቴን እየመታሁ፣ ጎረቤት በር ከፍቶ እያየኝ፣ ቤዛ “ስቶፕ፣ አክስቴ፣ ስቶፕ” እያለችኝ።

በሩ ተከፈተ። ደረጀ ራሱ! ከስቶ ግማሹን አክሏል፣ አንገቱ ላይ ፋሻ አለ፣ ግን ቆሟል። ፊቱን ዳሰስኩት። ትከሻውን በቡጢ መታሁት።

ጉሮሮውን ኦፕሬሽን ሆኖ ነው ለካ። ድምፁ ገና አልተመለሰም፤ ለዚያ ነው የማይደውለው። ድስቱም የእሱ ሾርባ ነው። ቅዳሜ ሰው ሰብስበው ሕመሙን ሊነግሩኝ ነበር።

“ስጮህ እየሰማህ ምነው በሩን ሳትከፍት ቆየህ?” አልኩት።

በሹክሹክታ “እስክትጨርሺ ነዋ። እንዲህ ያለ ነገር ተብሎልኝ አያውቅም እትዬ” አለኝ።

አስቴር ከሥራ እየሮጠች ስትመጣ የሰማሁትን ጸሎት ነገርኳት። “እኛ ለሞተ ሰው እንጸልያለን እንዴ? በሕይወት ስላለ እኮ ነው የጸለይንለት!” ብላ ጮኸችብኝ። እኔም ጮህኩባት። ከዚያ ተቃቅፈን አለቀስን።

እሑድ

ዛሬ ኦልድ ታውንን ያሳየኝ ደረጀ ነው። ታክሲ ሲነዳ የኖረበት ነው፣ “እኔ ነበርኩ ላሳይሽ የሚገባኝ” ይላል። ቀስ ብለን ሄድን። ከየበሩ ሥር ያሉት ብረቶች ድሮ ሰው የጫማውን ጭቃ የሚጠርግባቸው ናቸው አለኝ። ስንቴ ሳልፍ አላየኋቸውም። ድምፁን ለመስማት ጆሮዬን ወደ አፉ ማስጠጋት አለብኝ። ወንዙ ዳር አግዳሚ ላይ አረፍን።

የጉሮሮው ምርመራ ውጤት ማክሰኞ ነው። “ክፉ ቢሆንስ እትዬ?” አለኝ።

ፈራሁ። ግን “እኔ ለቅሶዬን ጨርሻለሁ፣ ሁለተኛ አላለቅስልህም፤ ስለዚህ መዳን ግዴታህ ነው” አልኩት። ፋሻውን በእጁ ደግፎ ያለ ድምፅ ሳቀ።

ማክሰኞ ሐኪሙ ጋ አብሬው እገባለሁ። ውጪ ተናፈሺ የሚለኝ ሰው ካለ ወዮለት!