የአባቱ ቤት መሰለው?

ይድረስ ለልጄ፣ ባለህበት። እንደምን ከረምክልኝ? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር ደህና ነኝ።

የጓሮውን ክፍል የተከራየው ልብስ ሰፊ ውሉ ሳያልቅ የአራት ወር ኪራይ በልቶብኝ ጠፋ። «የአባቱ ቤት መሰለው እንዴ?» ብዬ የስፌት መኪናውን በመያዣነት ቆለፍኩበት፤ ከሰስኩትም።

ሰኞ ደግሞ ያንተ አከራይ ደወሉ። «ልጅዎ ውሉን አፍርሶ፣ ኮቱን እንኳ ሳይወስድ ወጣ» አሉኝ። ተሳስተው ይሆናል አልኳቸው።

ማክሰኞ ሄጄ ክሴን አነሳሁ፤ የስፌት መኪናውንም ለልብስ ሰፊው እናት ላኩላቸው። ጎረቤት «ምን ነካት?» ይላል፤ ይበል።

ይህን ደብዳቤ በጓደኛህ በኩል ልኬዋለሁ። ብርድ ነውና ኮት ልበስ። ክፍሉን ለማንም አላከራየሁትም፤ ቁልፉ በሩ ላይ ነው። ይሄ የአባትህ ቤት ነው።

ድምፅህን ያሰማኝ፤
እናትህ