ከማሽላችን መሀል ተመልሶ የበቀለው አቀንጭራ

ሰይዴ የኔ ጌታ፣ አላህ ቀብርህን ኑር ያድርግልህና፣ ከተለየኸኝ ይኸው ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ልጆቹ ደህና ናቸው። የበረቱን ቆርቆሮ አሳድሻለሁ፤ ቀዩን በሬ ግን ሸጥኩት፣ አትቆጣኝ።

የምጽፍልህ ስለ አቀንጭራው ነው። ያገባኸኝ ሰሞን፣ ያ ሮዝ አበባ ማሽላው መሀል አምሮኝ ጆሮዬ ላይ ብሰካው፣ የማሽላ ሥር የሚመጥ ሌባ ተሸክመሽ ትዞሪያለሽ ብለህ ስቀህብኝ ነበር። ያኔ የሸዋ ሮቢት ማሳ ሁሉ በሱ ተወርሮ ነበር። ስንት ዓመት ነቅለን ነቅለን ከኛ አጠፋነው! አምና ብቻዬን በዘራሁት ማሳ ግን ብቅ አለብኝ እልሃለሁ።

ማንን እንደጠረጠርኩ ታውቃለህ። ድንበርተኛችን አብዱ ገና ከሐዘን ሳልወጣ መሬቱን እኩል ልረስልሽ፣ ምርቱን እንካፈል ብሎኝ ነበር። እምቢ ስለው ዘሩን በትኖ ሊያስመርረኝ ነው አልኩ። ዘሩ እንደ ዱቄት የላመ ነው፤ በእፍኙ ይዞ ቢያልፍ ማን ያየዋል? ለአረፋ ሚስቱ የላከችልኝን ሥጋ ከበር መለስኩት።

ዘንድሮ ስጠብቀው ከረምኩ። ሰኞ ከሱብሂ በኋላ ማሽላችን መሀል አጎንብሶ አገኘሁት፤ ፎጣው አንድ ነገር ሞልቷል። እጅ ከፍንጅ ያዝኩህ ብዬ ጮህኩና ፎጣውን መንትፌ ዘረገፍኩት። ምን ዘር አለ! ገና ያላበበ አቀንጭራ ከነሥሩ ወደቀ።

ጭራሽ ያፈረው እሱ ሆነ። ታመህ ሳለህ ማሳዋን አደራ እንዳልከው፣ እልኸኛ ናትና እንዳትነግራት እንዳልከው፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ ነገረኝ።

ታዲያ ከየት መጣ? ያበበውን ለማቃጠል የምታጭቅበት የማዳበሪያ ጆንያ ትዝ አለኝ። አምና የማሽላውን ዘር ይዤ የወጣሁት በሱ ነው። ገልብጬ ሳራግፈው ከስፌቱ ቡናማ ትቢያ ረገፈ። ወይ ጉዴ! በገዛ እጄ ዘርቼው ነው ሰው ያማሁት።

ጆንያውን አቃጠልኩት፤ አብዱንም ይቅርታ ጠየቅኩት። አንተን ግን አሁንም እጠረጥርሃለሁ። እኔን ለሱ አደራ ስትል ከኔ ለምን ደበቅከው? ሌላስ የደበቃችሁኝ ምን አለ?

ትናንት ድንበሩ ላይ ቆሜ የሱን ማሳ አየሁ። ዳር እስከ ዳር ሮዝ ሆኗል። የኔን ሲነቅል የራሱን አላደረሰም።

አልረሳህም ሰይዴ። አንዷን በነቀልኩ ቁጥር ዱዓ አደርግልሃለሁ። ነገ ከሱብሂ በኋላ አብዱ ማሳ ውስጥ ነኝ።

ያንተው ዘሀራ