ከመስኮቱ ውጭ ለቆሙት

ውድ ወንድሜ ዳንኤል፣

አፈር ካለበስንህ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። መልስ ለማይሰጥ ሰው ደብዳቤ ስጽፍ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር። ሳቅ፤ ግድ የለኝም። የምነግርህ ነገር ስላለኝ ነው።

ቤታችን ደኅና ነው። የጓሮዋ ፓፓያ በነፋስ ወድቃለች። የናዝሬት አቧራ እንደምታውቀው ነው፤ ጠዋት በወለወልሁት ጠረጴዛ ላይ እኩለ ቀን ሳይደርስ በጣት መጻፍ ይቻላል። እኔም ጡረታ ወጥቻለሁ።

ከሬዲዮ ወደ ቴሌቪዥን ተዛውረህ ኳስ ማስተላለፍ የጀመርህበትን ጊዜ አስታውሳለሁ። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው በቀበሌው አዳራሽ ብቻ ነበር፤ መምህርት ነኝና ከፊት ወንበር ይያዝልኝ ነበር። ስለ ኳስ ምንም አላውቅም፤ የምሄደው ድምፅህን ልሰማ ነው። አንተም የሬዲዮው ልማድ አልለቀቀህም፤ ኳሷ በየት በኩል እንደ ሄደች፣ ማን እንደ ወደቀ፣ በረኛው ካልሲውን እንደ ሳበ ሳይቀር ትናገራለህ። እኔ ደግሞ ይህን ሁሉ በዓይኔ አያለሁ። ስለዚህ ጻፍሁልህ። «የምናየውን አትንገረን፤ ሰው መናቅ ይመስልብሃል» አልሁህ። አለቆችህም ይህንኑ ብለውህ እንዳልሰማሃቸው አውቃለሁ። የእኔን ግን ሰማህ።

ከዚያ በኋላ በነበረው ጨዋታ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ አዘገየኝ። ስደርስ አዳራሹ እስከ በሩ ሞልቶ ስለ ነበር ከውጭ፣ ከመስኮቱ ሥር ቆምሁ። እዚያ ማን እንደሚቆም እስከዚያ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ፈረሳቸውን ጥለው መግባት የማይችሉ ባለ ጋሪዎች ናቸው፤ ከገበያ የተመለሱ ሽንኩርት ሻጮችም አሉ። ምስሉ ከዚያ አይታይም። ለካ እነሱ ጨዋታውን ሲያዩ የኖሩት በአንተ አፍ ነው። የዚያን ቀን ግን አንድ ስም ትጠራና ዝም ትላለህ። ውስጥ ያሉት ይጮኻሉ፤ ውጭ ያሉት እርስ በርስ ይተያያሉ።

«ምን ሆነ? ገባ እንዴ?» አለ አብሮ አደግህ ባለ ጋሪው ገመቹ። «ዳኒ ዛሬ ለብቻው ነው እንዴ የሚያየው?» አለና ፈረሱን ይዞ ሄደ። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።

በማግሥቱ ልጽፍልህ ወረቀት አወጣሁ። «ተሳስቻለሁ» የሚለውን ቃል ስንቱን ተማሪ አስጽፌአለሁ፤ ራሴ ግን ጽፌው አላውቅም። ወረቀቱን መልሼ አስቀመጥሁት። ሳምንቱ አለፈ፤ ዓመቱም አለፈ። አለቆችህ አሁን ገና ሥራው ገባህ ብለው አመሰገኑህ።

ለፋሲካ በባቡር የመጣህ ጊዜ ገመቹ ከጣቢያ ወደ ቤት ሲያመጣን፣ «ዳኒ፣ ምነው ዝም አልኸን?» ብሎ ጠየቀህ። እኔ አጠገብህ ተቀምጫለሁ። «እያረጀሁ መሰለኝ» ብለህ ሳቅህ። የእኔን ስም አላነሣህም። እኔም አልተናገርሁም። እስከ ሞትህ ድረስ እንደዚያው ቁጥብ ሆነህ ቀረህ።

ተሳስቻለሁ፣ ወንድሜ። ልክ የነበርኸው አንተ ነህ። ይኸው ጻፍሁት።

አሁን በአንተ ቦታ የገባው ልጅም ንግግሩ ጥቂት ነው። ስለዚህ ወንበሬን ከፊት አንሥቼ ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። ከዚያ ሆኜ የማየውን ውጭ ለቆሙት እነግራለሁ። «ረጅሙ ልጅ ኳሷን ለአጭሩ ሰጠው» ስላቸው፣ ገመቹ «እትዬ አስቴር፣ እንዲህ ያለ ስም የለም! ቁጥሩን ይንገሩን!» እያለ ይጮኽብኛል። «ከጨዋታ ውጭ» የሚሉት ነገር እስካሁን አልገባኝም። ባለፈው እሑድማ የትኛው ቡድን እንዳገባ ሳልለይ ጎል ብዬ ስለ ጮኽሁ ጎል የገባበት ቡድን ደጋፊዎች በከንቱ ጨፈሩ። እውነቱን ሲሰሙ ምን እንዳሉኝ እዚህ አልጽፈውም።

ቢሆንም ጥለውኝ አልሄዱም። ዳንዬ፣ እግሬ እስከዚያ አዳራሽ እስካደረሰኝ ድረስ በየጨዋታው አንተን እያሰብሁ ኳሷ የት እንዳለች እነግራቸዋለሁ።

እኅትህ አስቴር